እኔ እቀባዋለሁ

ቀቢው እናቱ ያንን ፊልም እንዳታይ ያልሞከረው ዘዴ አልነበረም። መጀመሪያ «ቲኬቱ አልቋል» አላት። «የለፋህበት አንተ፣ ቲኬት የሚያልቅብኝ እኔ? አይደረግም!» አለችው። ቀጥሎ «ጩኸት ይበዛዋል፣ ራስሽን ያምሻል» አላት። «ይኼን ሁሉ ዘመን ከአባትህ ጋር ኖሬ ጩኸት ሊያመኝ?» ብላ ሳቀችበት። በመጨረሻ ቢጨንቀው «እማዬ፣ ላንቺ የሚሆን ፊልም አይደለም» አላት። ዝም ብላ አየት አደረገችውና «እንግዲያው የግድ አየዋለሁ» ብላ የክት ቀሚሷን ልትተኩስ ተነሳች። ይህችን ሴትዮ የማያውቅ ይከራከራት።

የቀቢው ሥራ በፊልምና በቲያትር የተዋንያንን ፊት መቀባት ነው፤ መጠሪያውም ከሥራው የወጣለት ነው። ያስጨነቀው ነገር ደግሞ ይኼ ነበር። በዚያ ፊልም ውስጥ ያለችው ሚስት ፊቷ ላይ ለምጽ አለባት። የእሱም እናት ፊቷ ላይ ለምጽ አለባት። ይኼ ብቻ ቢሆን ምን ገዶት? ለምጽ ያለበት ሰው የትም ሞልቷል። ጉዱ ግን ስክሪኑ ላይ ያለው ፊት የራሷ የእናቱ ፊት መሆኑ ነው። ከቅንድቧ በላይ ያለችው፣ ግማሽ ጉንጯን የያዘችው፣ ከከንፈሯ ሥር ወርዳ አገጯ ላይ የምትቆመው፣ አንዷም አልቀረች፤ ሁሉንም በገዛ እጁ ሌላ ሴት ፊት ላይ አስቀምጧቸዋል። ሰው ደግሞ ያንን ፊት እያየ ሆዱን ይዞ ይስቃል። እናት ይኼን አይታ ምን ትላለች? እኔ እንጃ! እሱም አላወቀውም፤ እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

ሙያውን የተማረው ከማንም አይደለም፣ ከዚያው ፊት ነው። ለምጹ የጀመራት እሱ ገና ድክ ድክ ሲል ነበር። ከፍ ካለ በኋላ፣ ሠርግ የተጠራች ቀን ወይም ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ያለ ቀን፣ በመስኮቱ አጠገብ ወንበር ስባ ትቀመጥና «ና እስቲ፣ አንተ እጅህ ጥሩ ነው» ትለዋለች። ጠቆር ያለውንና ቀላ ያለውን ቀለም መዳፉ ላይ እያዋሃደ፣ በጣቱ ጫፍ እየነካካ፣ ነጩን ከጠይሙ ጋር ያስማማዋል። እሷ ዓይኗን ጨፍና «ጉንጬ ላይ አላበዛኸውም?» ትላለች። «አላበዛሁም። ዝም በይ፣ እያወራሽ ታበላሺብኛለሽ» ይላታል። እሺ ብላ ዝም ትላለች። ያ ልጅ አድጎ ለቁስል፣ ለቃጠሎ፣ ለእርጅና የሚፈለግ ሰው ሆነ። አንድ ጊዜ የሠራው ቁስል ለጉብኝት የመጣች ነርስ አስደንግጦ «ምን ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ሆስፒታል ውሰዱት እንጂ!» አሰኝቷል። ከቤት ከወጣ በኋላ እናቲቱ መሸፈኑን እርግፍ አድርጋ ተወችው። «ቀቢዬ ጥሎኝ ሄደ፣ ምን ላድርግ» ትል ነበር። እሱ ቀልድ ነው ብሎ አለፈው።

ስለ ወላጆቹ ጠብ ደግሞ ተወርቶ አያልቅም። አባትየው ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና መካኒክ ነው። እናትየዋ በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ ስታገናኝ ኖራ ጡረታ የወጣች ናት። እሳትና ጭድ ናቸው። ልጁ ገና ትንሽ ሳለ አንድ ቀን በሳሎኑ መስኮት ተጣሉ፤ አንዱ ይከፈት፣ አንዱ ይዘጋ ተባባሉና በዚያው ተኳርፈው ፊት ለፊት መነጋገር አቆሙ። አቆሙ ስላችሁ ዝም ተባባሉ ማለቴ አይደለም። ኧረ ምን ሲደረግ! ልጁን መሃል አስቀምጠው ነው የሚሰዳደቡት። ጨው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ አባትየው «ለካርታዋ ንገራት፣ ጨው ታቀብል» ይላል። «ካርታ» ያላት ፊቷ ላይ ስላለው ለምጽ ነው። እሷም «ለአባትህ ንገረው፣ ምላሱ ላይ ያለው ይበቃዋል፣ ጨው ምን ያደርግለታል» ትላለች። ልጁ ከወዲያ ወዲህ ነገር ሲያቀባብል አደገ። ሲያድግ ደግሞ ቀልድ አደረገው።

ጥፋቱም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፊልም ቀረጻ ላይ መጠበቅ ይበዛል። መብራት እስኪስተካከል፣ ደመና እስኪያልፍ፣ ኮከቧ እስክትመጣ ሰው ቁጭ ብሎ ያወራል። ቀቢው የወላጆቹን ጠብ ማውራት ሲጀምር ሁሉም ወንበሩን እየጎተተ ይጠጋል። የአባቱን ድምፅ ያወጣል፣ የእናቱን የትከሻ አነቃነቅ ያሳያል፣ «ካርታዋ» የምትለው ላይ ሲደርስ ሰው በሳቅ እንባው ይፈሳል። ዳይሬክተሩም ይስቃል፤ እሱ ግን እየሳቀ ጆሮውን አቁሞ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ዓመት ሳይሞላ ያ ሁሉ ወሬ ፊልም ሆኖ መጣ። በፊልሙ ባልና ሚስቱ «ቀድሞ የሞተ ተሸነፈ» ብለው ተማምለው፣ አንዱ ለሌላው በድብቅ የሬሳ ሳጥን ያሠራል። ባልየው ሚስቱን «ካርታ» ይላታል። «ሰው እየሳቀ የሚያፍርበት ፊልም ነው የምሠራው» አለ ዳይሬክተሩ። ቀቢው ስክሪፕቱን ሲያነብ መቆጣት ሲገባው ጭራሽ ኮራ። «ከእኔ እኮ ነው የወሰደው» እያለ ላገኘው ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። ምን ይባላል እንግዲህ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ሚስቲቱን ሆና የምትጫወተው ተዋናይ በተመረጠች ቀን ቀቢውም ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከመጡት መሃል አንዷ ፊቷም እጇም ላይ እውነተኛ ለምጽ ያለባት የቲያትር ተዋናይ ነበረች። ዕድሜዋን በቲያትር ቤት ስታሳልፍ ከድምፅ በስተቀር የተሰጣት ነገር አልነበረም። ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ነፋስ ትሆናለች፣ መንፈስ ትሆናለች፣ በር ላይ የምትጮህ ጎረቤት ትሆናለች። ያን ቀን፣ ሚስቲቱ ባሏ ተኝቶ ሳለ ለሬሳ ሳጥኑ ቁመቱን የምትለካበትን ቦታ ሠራች። ሁለት ወንበር ገጠመችና ባል እንደተኛበት አድርጋ፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ፣ በሜትር ትለካ ጀመር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ከዚያ እግሩ ጋ ስትደርስ የተቀደደ ካልሲ ያየች ይመስል ቆም አለች። ሜትሩን ብብቷ ሥር ሸጎጠችና የሌለውን ካልሲ ጎተት አድርጋ የሌለውን ጣት ሸፈነችለት። ሲስቅ የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ።

ዳይሬክተሩ ራሱን እያከከ ወደ ቀቢው ዞረ።

«ገንዘብ የሚያወጡት ባለ ፊልሞች ያቺ ታዋቂዋ ኮከብ ከሌለች ሰው አይመጣም ይላሉ» አለው በሹክሹክታ። «ለምጹ ውሸት ከመሰለ ደግሞ መሳቂያ ነው የምንሆነው። የምትነግረኝ አንተ ነህ። እሷን ቀብቶ ማስመሰል ይቻላል? አይቻልም ካልከኝ ይችን እወስዳለሁ፤ ለእነሱም ‹ባለሙያው አይሆንም ብሏል› እላቸዋለሁ።»

ልብ በሉ፤ ነገሩ በእጁ ነበር። «አይቻልም» ቢል አበቃ። «ካሜራ ያጋልጠዋል» ቢል አበቃ። «እስቲ ላስብበት» ቢል እንኳ ሴትየዋ ሥራውን ሳታገኝ አትቀርም ነበር። የእሱ ነገር ግን በሙያው ከመጡበት ሌላው ሁሉ ይጋረድበታል።

«እኔ እቀባዋለሁ» አለ አፉን ሞልቶ። «ማንም አይለየውም።»

ሴትየዋ ገና ቦርሳዋን እያነሳች ነበር። ሰማችው። ቀና ብላ አየችውና «አመሰግናለሁ» ብላ፣ ለሁሉም ጎንበስ ብላ ወጣች። ምኑን እንዳመሰገነችው እስከ ዛሬ አልገባውም። ያን ዕለት ግን ብዙም አላሰበበትም። ምሳውን በልቷል፣ ተጫውቷል፣ ቀለሙን ማዘዝ ጀምሯል።

ቀረጻው ሲጀመር ዳይሬክተሩ «የታማሚ ፎቶ ላስፈልግልህ?» አለው። «አያስፈልገኝም» አለ። እጁ ያውቀው የለም እንዴ! ልጅ ሆኖ ሲሸፍነው የኖረውን አሁን ገልብጦ ያወጣዋል። ሌላ ዓይነት ፍጠር ቢሉት ራሱ አይመጣለትም ነበር። ኮከቧ በመጀመሪያው ቀን መስታወት ስታይ «ውይ! እውነት መሰለ እኮ፤ ይዘገንናል!» አለች። ያቺ «ይዘገንናል» የምትል ቃል ከጆሮው አልወጣ አለች። መስታወቱ ውስጥ እናቱ በሰው ዓይን ታየዋለች። ያኔ እንኳ ቅርጹን መቀየር፣ የግራውን ወደ ቀኝ ማዞር ይችል ነበር። አላደረገውም። ዳይሬክተሩ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «አንተ ሰው ዓይነ ሥውር ታበራለህ!» ሲለው ደስ አለው። ሁልጊዜ ጠዋት ይቀባል፣ ቀረጻ ሲያልቅ በጥጥና በዘይት ይጠርጋል። የሚከብደው መጥረጉ ነበር። ሁለት ሦስቴ ጠረግ ሲያደርገው ለምጹ ከጥጡ ጋር ይሄዳል፤ ኮከቧም «እፎይ፣ ተገላገልኩ!» ብላ ብድግ ትላለች።

እሁድ ከሰዓት ሦስቱም ሲኒማ ቤት ደረሱ። ሦስቱም ያልኩት አባትየውም ስለመጣ ነው። «ለእናትህ ንገራት፣ ብቻዋን አትዝናናም» ብሎ ኮቱን ለብሶ ከኋላ ከኋላ ተከተላቸው። ቀቢው እንደ ቤቱ ልማድ መሃላቸው ተቀመጠ። መብራቱ ጠፋ። ቢቻለው «እሳት ተነሳ!» ብሎ ጮኾ ሰዉን ከአዳራሹ ቢያስወጣ በወደደ።

ኮከቧ በዚያ ፊት ብቅ ስትል አዳራሹ ሳቀ። ምን ተናገረች? ምንም! ገና አፏን አልከፈተችም። እናቱ ወደ እሱ ዘንበል አለች። በጥፊ ትለኛለች ብሎ ጠበቀ።

«ይቺ እኮ የድሮዋ እኔ ነኝ» አለችው በጆሮው።

«እማዬ...»

«አገጬ ላይ ያለው ለብቻው የነበረው ያኔ ነው። አሁንማ ከጉንጬ ጋር ከተገናኘ ስንት ዘመኑ!»

በስክሪኑ ብርሃን ዞር ብሎ አያት። እውነቷን ነው። ነጩ ተስፋፍቶ ተስፋፍቶ፣ አሁን ነጠብጣብ ሆኖ የቀረው ጠይሙ ነው። ይኼ ሰው እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ያንኑ ጉንጭ ይስማል፣ አጠገቧ ተቀምጦ ይበላል። አይቷት ግን አያውቅም። ይቅርታ ልበላት ብሎ አፉን ሲከፍት ደግሞ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ባል «ለካርታዋ ንገራት፣ ዛሬ የት አገር ላይ ነው ዝናብ የሚጥለው?» አለና አዳራሹ በአንድ ላይ አጓራ። እናቱም ሳቀች። ጥርስ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷ ጥርስ ያን ቀን ከባዳም ባዳ ነበር። አባትየው እስከዚያ ድረስ ከሁሉ በላይ ሲስቅ ቆይቶ፣ ያቺን ቃል ሲሰማ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ።

ሲያልቅ መውጫው ላይ የፊልሙ ትልቅ ፖስተር ተሰቅሎ ነበር። እናትየዋ መነጽሯን አውጥታ ከሥሩ ቆመች። አንዲት ወጣት ተመልካች አየቻትና ፊቷ በደስታ በርቶ ጠጋ አለች።

«እናቴ፣ ለማስታወቂያው ነው አይደል እንዲህ የቀቡዎት? አብረን ፎቶ እንነሳ? ሜካፑ እንዴት ያምራል!»

«ያምራል» አለች እናትየዋ። «አይለቅም እንጂ።»

ልጅቷ ሳቀች። ወዲያው ገባትና ክው አለች፤ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች ወደ ኋላ ማፈግፈግ ጀመረች። እናትየዋ ግን «ነይ እንጂ! ፎቶውስ?» ብላ እጇን ይዛ አቆመቻትና አብራት ተነሳች። ቀቢውን ያን ጊዜ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ግልግል ነበር።

ወደ ቤት ሲሄዱ፣ መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ አባትየው ፈነዳ።

«እኔ ቤቴ ውስጥ ነው የሰደብኳት! አንተ ግን ሰው ሰብስበህ፣ በቲኬት!»

«ካርታ ያላት ማን ሆነና?» አለ ቀቢው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«እኔ ነኛ! እኔ ስላት እሷም ትመልስልኛለች። እዚያ ውስጥ ማን መለሰላት? ማን?»

«እውነትህን ነው» አለች እናትየዋ። «ልክ ብለሃል።»

ለባሏ ነው ያለችው! በቀጥታ! አባትየው ደንግጦ መንገዱ ላይ ቆመ፤ በመስኮቱ ምክንያት ከተኳረፉ ወዲህ ፊት ለፊት ያለችው የመጀመሪያ ቃሏ ነበር። ኮፍያውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ሽማግሌ ተልኮ ያላስታረቃቸውን ልጃቸው አስታረቃቸው፤ ያውም በራሱ ላይ።

ቤት ሲገቡ አባትየው ወደ ጓዳ ገባ። እናትየዋ ሳሎን ተቀምጣ ጫማዋን ፈታች። ቀቢው እግሯ ሥር በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ይቅርታ። ፊትሽን... ማንንም ሳልጠይቅ...»

«ለፊቴ ብለህ አትልፋ» አለችው። «ቀብተኸዋል፣ በደንብ ነው የቀባኸው። እኔን ሆና የምትጫወተው ሴትዮ ግን አላወቀችበትም። አየሃት? ሰው ሲያያት ፊቷን በእጇ ትጋርዳለች። ያ የመጀመሪያ ሰሞን ነው። ከቆየ በኋላ ማን ይጋረዳል? ሰውየው አይቶ እስኪጨርስ ቆመህ ትጠብቀዋለህ። ሲጨርስ ሥራህን ትቀጥላለህ።» እግሯን አሸት አሸት አደረገች። «ለመሆኑ ይህን የምታውቅ፣ እኔን የምትመስል አንዲት ተዋናይ ጠፍታ ነው?»

«አዎ፣ ጠፋች» ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር። ቀና ሲል ግን ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

«ነበረች» አለ።

«ጎበዝ አይደለችም?»

«ከሁሉም የምትበልጥ ነበረች።»

«ታዲያ?»

«እኔ እቀባዋለሁ አልኩ።»

እናትየዋ የፈታችውን ጫማ አንስታ ጎን ለጎን አስተካክላ አስቀመጠች። ጓዳ ውስጥ አባትየው ይስል ነበር።

«እኔ ስልክ ቤት የተወለድኩ ይመስልሃል?» አለች። «መጀመሪያ የተቀጠርኩት እንግዳ ተቀባይ ሆኜ ነው። በሩን ከፍቶ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነበር። ፊቴን ሲጀምረኝ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች። ‹ድምፅሽ ያምራል፣ ለስልክ ትሆኛለሽ› ብለው ምድር ቤት አወረዱኝ። ልጅቷ ምን አጠፋች? አለቃዬም ደግ ሰው ነበር። ‹እኔስ እንድትቆዪ ፈልጌ ነበር› አለኝ። ‹ትቆይ ወይስ ትነሳ ብዬ አንድ ሰው ባማክር፣ መተካት ቀላል ነው ብሎኝ ነው› አለኝ። ያ የተጠየቀው ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ጡረታ ወጣሁ። ስልክ እያገናኘሁ ስለ እሱ አስብ ነበር። ቀንድ ያለው ሰይጣን ነበር የሚመስለኝ።»

ቀቢው ራሱን ደፋ።

«አሁን ገና ገባኝ» አለች። «ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራውን የሚወድ፣ እሁድ እሁድ እናቱን የሚጠይቅ ሰው ነው።»

ብትጮህበት ምን ነበረበት! ብትረግመው ምን ነበረበት! ድምፅዋ ግን ያ ሁሉ ሰው በስልክ ሲሰማው የኖረው ለስላሳ ድምፅ ነበር። ቀቢው «ነገ ሄጄ ያቺን ተዋናይ ይቅርታ እጠይቃታለሁ» አለ።

«ሂድ» አለችው። «ግን ይቅር ትለኛለች ብለህ አትሂድ። እኔም ያንን ሰውዬ ይቅር አላልኩትም።»